38 ዓመቴ ነው፣ አሻንጉሊት እሰፋለሁ

የአንባቢ ደብዳቤ (በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ)፦

«38 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ማታ ራት በልተን እናቴ ቴሌቪዥን ስታይ እኔ ክፍሌ ገብቼ አሻንጉሊት እሰፋለሁ። የጨርቅ ናቸው፤ ቁመታቸው 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። የሐበሻ ቀሚስ አለብሳቸዋለሁ፣ ሹሩባ እሠራቸዋለሁ። አንዷን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ጥለቱ በተለይ አልሆን ይለኛል፤ ይበዛባታል፣ እፈታውና እንደገና እሰፋዋለሁ። የድሮ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችም እሰበስባለሁ። ጉትቻና የአንገት ሐብል አደርግላቸዋለሁ።

እናቴ ‹ሰው ምን ይላል› ስለምትል እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገባቸዋለሁ። አሁን አሁን እዚያው ነው የሚከርሙት። አክስቴ ‹ልጅ ስላልወለድሽ ነው፣ ጣዖት ነው፣ ጸበል ግቢ› አለችኝ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ሽጫቸው እንጂ፣ ቢዝነስ እኮ ነው› ስትል እናቴ ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። እና ልሽጣቸው? ወይስ ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቼ ልረፍ? እውነት የጎደለኝ ነገር ኖሮ ይሆን?»

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌሎቹን ያመጣብሽ እሱ ነውና። የለም፣ የምትሰፊው የጎደለሽ ነገር ስላለ አይደለም። አንድ የ38 ዓመት ወንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ኳስ ሊያይ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ማን የት ክለብ በስንት ሚሊዮን እንደተዛወረ በቃሉ ሲያነበንብ፣ «ልጅ ስላልወለደ ነው» የሚለው ሰው የለም። ኳስ ይወዳል፣ በቃ። አንቺ ግን ሴት ነሽ፤ የያዝሽው ነገር ደግሞ ሕፃን ይመስላል፤ ሰው ሁለቱን ገጣጠመና ታሪክ ሠራልሽ። ታሪኩ የእነሱ ነው። ልጅ ትፈልጊ ይሆናል፣ ላትፈልጊም ትችያለሽ፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ስለሱ ሌላ ቀን ብትጽፊልኝ ሌላ ቀን እናወራለን። ከመርፌሽ ጋር ግን አታገናኚው።

ይህን ስል ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ማስረጃው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ጥለቱ በዛባት ብለሽ ፈትተሽ እንደገና ትሰፊያለሽ። ሆዱ ባዶ ሆኖበት የሚታቀፈው ነገር የሚፈልግ ሰው እኮ ጥለት አይፈታም። ጥለት የሚፈታው ልክ ያልሆነ ነገር ዓይኑን የሚቆረቁረው ሰው ነው፤ ባለሙያ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ልክ ነሽ፣ በእርግጥም ይበዛባታል። እስቲ እናስላው። ሰው 165 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ያንቺዋ 30 ብትሆን፣ ልዩነቱ አምስት ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ ሰው ላይ 11 ሳንቲሜትር የሚሆን ጥለት እሷ ላይ 2 ሳንቲሜትር ነው መሆን ያለበት። ከሽሮ ሜዳ ቁርጥራጭ ለምነሽ ብታመጪ ስፋቱን አጥፈሽ ታሳጥሪው ይሆናል፤ የክሩ ውፍረት ግን አይታጠፍም፣ ለዚህ ነው ጥልፉ ከቀሚሱ በላይ ጎልቶ የሚታይሽ። የተሸመነውን ጥለት ተይውና ራስሽ ጥለፊው። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ የተገመዱበት ነው፤ ተርትሪውና በአንዷ ብቻ ጥለፊ። ለቀሚሱ ደግሞ አዲስ ጨርቅ አትግዢ። አዲስ ጨርቅ ትንሽ ገላ ላይ ሲለብስ ወደ ጎን ይቆማል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ያለቀ የእናትሽ ነጠላ ፈልጊ፤ እሱ ይወድቅላታል። ሹሩባውንም በሱፍ ክር እየሠራሽው ከሆነ ጉንጉኑ ገመድ ይመስላል፤ እዚያም ላይ የጥልፍ ክር ነው የሚያዋጣው፣ ለአንድ ዘለላ ሁለት ሁለት ክር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሦስት መንገድ ነው ያየሽው። መሸጥ፣ ለማሳደጊያ መስጠት፣ ወይም «የጎደለኝ ነገር አለ» ብሎ ማመን። ሦስቱን ደጋግሜ ሳነባቸው አንድ ሆኑብኝ። ሦስቱም «ለእኔ ብዬ አይደለም» የሚሉ ናቸው። እኛ ጋ አዋቂ ሰው ደስ ስላለው ብቻ የሚሠራው ነገር ፈቃድ የለውም። ወይ ገንዘብ ማምጣት አለበት፣ ወይ ለነፍስ መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ ለልጅ። እናትሽ «ቢዝነስ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ የፈካው ለዚህ ነው። ስግብግብ ሆና አይደለም። ለጎረቤት የምትመልሰው መልስ አገኘች፤ «ልጄ አሻንጉሊት ትሰፋለች» ማለት የከበዳት ሴት «ልጄ ትንሽ ሥራ ጀምራለች» ማለት ትችላለች። ይገባኛል። ግን ለጎረቤት መልስ ተብሎ የተጀመረ ንግድ አንቺን ምን እንደሚያደርግሽ ከታች እነግርሻለሁ።

ከዚያ በፊት እናትሽ ሳሎን ያለውን ቡፌ ሄደሽ እይው። መቼም ቡፌ የሌለበት ሳሎን የለም። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች መቼ ተጠጥቶባቸው ያውቃል? ያ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ የሻይ ስኒ፣ ከዓረብ አገር የመጣው፣ ማን አፉን አስነክቶታል? ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሶፋው ራስጌ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል በኪሮሽ ስንት ማታ ተሠርቶ ነው? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሙዳይ ውስጥስ ምን አለ? ምንም። እናቶቻችን የሚያምር ነገር ሰብስበዋል፣ የማይበላና የማይሸጥ ነገር በእጃቸው ሠርተዋል፣ መስታወት ውስጥ ደርድረው በየበዓሉ አቧራውን ጠርገውለታል። ማንም በሽታ አላለውም። ያንቺን የሚለየው መልክ ያለው መሆኑ ብቻ ነው፣ ዓይንና አፍ ያለው መሆኑ።

ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማርጋሬቴ ሽታይፍ የምትባል ጀርመናዊት ነበረች። በሕፃንነቷ ፖሊዮ መታት፤ እግሮቿ አልሄዱ አሉ፣ ቀኝ እጇም ደከመ፤ ግን ልብስ ስፌት ተማረች። በ1880 ከሱፍ ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሰፋች፤ የሰፋችው መርፌ መሰኪያ እንዲሆን ነው። ልጆች ግን ዝሆኑን ወሰዱና ተጫወቱበት። ዛሬ በዓለም ላይ ለስላሳ አሻንጉሊት ከሚሠሩ ታዋቂ ድርጅቶች አንዱ በዚያች መርፌ መሰኪያ የተጀመረው የእሷ ነው።

ሌላዋን ደግሞ አክስትሽ ብትሰማት ደስ ይለኝ ነበር። ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ አሜሪካዊት ናት፣ በ1878 ተወልዳ በ1962 ያረፈች የሀብታም ልጅ። በስድሳዎቹ ዕድሜዋ፣ በ1940ዎቹ ማለት ነው፣ የአሻንጉሊት ቤት መሥራት ያዘች። ቤቶቹ ግን ለጨዋታ አልነበሩም። ቤቶቹ ውስጥ የሞተ ሰው አሻንጉሊት አለ፤ መርማሪ ፖሊሶች እየተመለከቱ «እንዴት ሞተ? ምን አመለጠኝ?» እያሉ እንዲማሩበት ነው የሠራችው። ልኩ አንድ ጫማ በአንድ ኢንች ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ መብራቱ ይበራል፣ ለአሻንጉሊቶቹ ካልሲ በስፒል ሹራብ ትሠራ ነበር። በ1943 የኒው ሃምፕሻየር ግዛት ፖሊስ የክብር ሻምበል አደረጋት። አብዛኞቹ ቤቶች ዛሬም ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ውስጥ ሥልጠና ይሰጥባቸዋል። ልብ በይ፣ ያን ሁሉ የጀመረችው አንቺ «ዕድሜዬ አለፈ» ከምትይበት ዕድሜ በጣም ርቃ ነው።

ስለ መሰብሰብም ከሆነ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ ያለው ትልቁ የጨዋታ ሙዚየም የቆመው ማርጋሬት ዉድበሪ ስትሮንግ የምትባል አንዲት ሴት በሰበሰበችው ዕቃ ነው፤ አሻንጉሊቶቿ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሴትዮዋ በ1969 አረፈች፤ ሙዚየሙ በ1982 ተከፈተ። በ2024 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆኑ ሰዎች ለራሳቸው የገዙት መጫወቻ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከተገዛው በልጧል።

«እሱ ፈረንጅ አገር ነው» እንዳትይኝ። ኤልያስ ስሜ አዋቂ ሆኖ ነው ከመርካቶ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሰርኪት ቦርድ፣ ቁልፍ እየሰበሰበ፣ እየሰፋና እየጎነጎነ ዓለም የሚያውቀው ሠዓሊ የሆነው። ወለቃ፣ ጎንደር አፍንጫ ሥር፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትንንሽ ሰው፣ አንበሳ፣ እናትና ልጅ ይሠሩ ነበር፤ እስራኤል ከገቡም በኋላ ሙያውን ያልተዉ አሉ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በድሮው የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ካላየሽው አንድ ቅዳሜ ሂጂ። ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ይነሳል፣ ወደ አዋቂነት ያልፋል፣ ሞት ላይ ይጨርሳል። የልጆች ጨዋታም እዚያ ቦታ ተሰጥቶታል፣ ከመስቀል ጋር አንድ ጣራ ሥር። እናትሽን ይዘሻት ብትሄጂ ደግሞ የበለጠ ነው።

እሺ፣ መሸጡ። እኔ የምልሽ፦ አሁን አትሽጪ። ሒሳብ ክፍል አይደል የምትሠሪው? አብረን እናስላ። አንዷን አሻንጉሊት በሁለት ሳምንት ነው የምትጨርሻት፤ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብንል 28 ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ደመወዝሽን በ28 አባዢውና የጨርቁን ጨምሪበት። ያንን ዋጋ ለአሻንጉሊት የሚከፍል ሰው ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ሱቆች ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፤ ብዙ ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ ዋጋ ትቀንሻለሽ። ዋጋ ስትቀንሺ ፍጥነት ትጨምሪያለሽ። ፍጥነት ስትጨምሪ መጀመሪያ የሚቀረው ያ ፈትተሽ የምትሰፊው ጥለት ነው። ከዚያ አንዷ ትደውልና «ለእህቴ ሠርግ 40 ፍሬ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ለሐሙስ» ትልሻለች። እናትሽ ደስ ይላታል፤ አንቺ ግን ማታ ወደ ክፍልሽ የምትገቢበት ምክንያት ይጠፋብሻል። ከሥራ ወጥተሽ ሌላ ሥራ ትገቢያለሽ። ቀን የሌላ ሰው ሒሳብ ስትደምሪ የምትውይ ሰው ነሽ፤ በቀኑ ውስጥ ያንቺ የሆነ ሁለት ሰዓት አለሽ፣ እሱንም ለገበያ አታውጪው።

ሐሳቤ መሸጥ ነውር ነው ማለት አይደለም። አንድ ቀን አንቺው ራስሽ ከፈለግሽ፣ ሰው ስለተናገረ ሳይሆን አንቺ ፈልገሽ፣ ለገበያ የሚሆን ሌላ ቀለል ያለ አሻንጉሊት አውጪ፤ በሁለት ማታ የሚያልቅ፣ ያልተጠለፈ፣ አንድ ዓይነት። የራስሽን ለብቻ አስቀምጪ። ገበያም አይጠፋም። ባርቢ በ1959 ወጥታ በራሷ ስም ጥቁር ሆና ለመምጣት እስከ 1980 ቆይታለች፤ ሹሩባ የተሠራች፣ ነጠላ ያጣፋች አሻንጉሊት ደግሞ ዋሽንግተን ያለች እናት ሱፐርማርኬት ገብታ አታገኝም። ይህን የምጽፍልሽ ለእናትሽ እንድትነግሪያት አይደለም፤ ብትነግሪያት ነገ ጠዋት ነው ንግድ ፈቃድ አውጪ የምትልሽ።

ለማሳደጊያ መስጠቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። መስጠት ጥሩ ነው። «ልረፍ» ብሎ መስጠት ግን ስጦታ አይሆንም። የሰበሰብሻቸውን አትስጪ፤ ለልጅ እጅ አይሆኑምም። ልጅ ይጎትታል፣ አፉ ውስጥ ይከታል፣ በውኃ ይነክራል፤ ደግሞም መብቱ ነው። ለልጆች ከፈለግሽ ለልጅ ብለሽ ሥሪ፦ ዓይኑ በክር የተጠለፈ እንጂ ቁልፍ ያልሆነ፣ ስፌቱ ሁለት ጊዜ የተደረበ፣ የሚታጠብ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቁልፍና ዶቃ ያለበት ነገር በፍጹም እንዳትሰጪ፤ ነቅሎ ይውጠዋል፣ ያንቀዋል። ድርጅቱንም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከአሻንጉሊት ይልቅ ዳይፐር የቸገራቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን እናትሽ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ያሰብኩት፤ ምክንያቱም አብረሽ የምትኖሪው ከእሷ ጋር ነው፣ ከአክስትሽ ጋር አይደለም። «ሰው ምን ይላል» የምትል እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትፈራው ሰውን አይደለም። የምትፈራው ልጇ ብቻዋን እንዳትቀር ነው፤ ግን ይህን በቀጥታ መናገር ይከብዳታል፣ ስለዚህ ጎረቤቱን ታስቀድማለች። አንቺም ስትደብቂ ፍርሃቷን ታረጋግጪላታለሽ። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር የሚያሳፍር ነገር ነዋ! እሷ ምን ታድርግ? ልጇ ራሷ ያፈረችበትን ነገር እንዴት ትኩራበት?

ስለዚህ ክርክር አትግጠሚ። «የኔ ሕይወት ነው» ብለሽም አትነሺ፤ እውነት ነው፣ ግን አይጠቅምሽም። ይልቅ ሥራ ስጫት። እናትሽ የመሶብ ስፌት ትችል ይሆን? በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሴቶች ይችላሉ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አንዷን አሻንጉሊት ይዘሽ ውጪና «እማዬ፣ ለዚህች የምትሆን መሶብ እንዴት ነው የሚሰፋው?» በያት። ስጦታ አትጠይቂያት፣ ምክር ጠይቂያት። ስንደዶው ምን ያህል ቀጭን ይሁን፣ አክርማው ከየት ይገኛል፣ ወስፌው ይወፍራል አይወፍርም፣ ክዳኑ ሾጣጣ ሆኖ እንዴት ይዘጋል፤ እነዚህን አንቺ አታውቂያቸውም፣ እሷ ግን ልታውቃቸው ትችላለች። መጀመሪያ «ተይኝ እባክሽ» ትል ይሆናል። ተያት፤ አሻንጉሊቷን ግን ጠረጴዛው ላይ ትተሽላት ግቢ። ስፌት የማትችል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አይጠፋም፤ በልጅነቷ የእሷ አያት ምን ለብሳ እንደነበር ጠይቂያት፣ ቀሚሱ እጅጌው ሰፊ ነበር ወይስ ጠባብ፣ መቀነቱ ምን ቀለም ነበር፣ ሴት ልጅ ጋሜ የምትቆረጠው እንዴት ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው በየቀኑ እያነሰ ነው። አንቺ ደግሞ የሚሰፋ እጅ አለሽ። እናትሽ የነገረችሽን ቀሚስ ሰፍተሽ ብታሳያት «እንዲህ አልነበረም፣ ወገቡ ላይ ሰፋ ይል ነበር» ብላ ስታርምሽ ነገሩ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የእሷም ሥራ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም አውጥተሽ ደርድሪ አልልሽም። ቤቱ የእሷም ነው። ግን አንዷን፣ በጣም የምትወጂያትን፣ ቡፌው ላይ አስቀምጪ። አስፈቅደሻት። እንግዳው «ይቺ ከየት ናት?» ሲል አንቺ ፈጥነሽ አትመልሺ፤ እናትሽ ምን እንደምትል ስሚ።

አክስትሽን በተመለከተ፣ ሽማግሌ ሰው ናትና በአክብሮት አሳልፊያት። ጸበል መጠመቅ ከፈለግሽ ለራስሽ ሂጂ፤ ለአሻንጉሊት ብለሽ ግን አትሂጂ። ጣዖት ማለት የሚሰገድለት፣ የሚለመን፣ የሚታመንበት ነገር ነው። አንቺ ደግሞ እነሱን ትሰፊያለሽ እንጂ አትለምኛቸውም። ነገሩ ውስጥ ውስጡን የሚከነክንሽ ከሆነ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ እሳቸው የሚሉሽን ለአክስትሽ ማድረስ ትችያለሽ፣ እሷም ትቀበለዋለች።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም፤ ወዳጅ ነኝና። መሰብሰብ መልኩን የሚቀይርበት ጊዜ አለ። ለኪራይ ወይም ለዕድር የተቀመጠ ብር ለአሻንጉሊት ወጥቶ ያውቃል? ገዝተሽ ሳትከፍቺ የከረመ ነገር አለ? ዋጋውን ዋሽተሽ ታውቂያለሽ? አንዱን መተው ስታስቢ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ አልጋሽ ላይ መተኛት እስኪያቅትሽ ቦታ የሚሞላብሽ ነው? ዕቃ ማከማቸት ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሆኖ ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ለብቻው ተመዝግቧል፤ መለያውም ሰውየው ምን ሰበሰበ የሚለው አይደለም። መጣል ያሠቃየዋል ወይ፣ ቤቱ ለመኖሪያ አልሆን ብሎታል ወይ የሚለው ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ከዚህ አንዱንም አላየሁም። ሆኖም ልማድ ይሁንሽ፦ በየወሩ ለዚህ የሚሆን የተወሰነ ብር መድቢ፣ ከዚያ አትለፊ፣ አዲስ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ከመግዛትሽ በፊት የት እንደምትቀመጥ ወስኚ። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ይህ አይከብድሽም።

የቀረው ሻንጣው ነው። ዛሬውኑ አውጫቸው፤ ለክብራቸው ብቻ ሳይሆን እንዳይበላሹ። ክረምት አልጋ ሥር የተዘጋ ሻንጣ ሻጋታ ይወልዳል። ጥጥ የሞላሻቸው ካሉ እርጥበት ይጠጣሉ፣ ጥጡም ይቋጠራል። የሱፍ ነገር ካላቸው ብል አይቀርላቸውም። ናፍታሊን ጨምረሽ ከሆነ አውጪው፤ ለፕላስቲኮቹ አይስማማቸውም፣ አንቺም በዚያ ሽታ ላይ መተኛት የለብሽም። የጨርቆቹን በፌስታል አየሩን አስወጥተሽ ቋጥሪና ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጪ፤ ሙዚየሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ብሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። ስታወጪ ቶሎ አትፍቺው። ቅዝቃዜው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ እንደታሰረ ይቆይ፤ ያለበለዚያ ጤዛው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ። ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቀዩን ጥለት ነው።

ፕላስቲኮቹን ከጨርቆቹ ለይተሽ አስቀምጪ። የድሮ ፕላስቲክ ሲያረጅ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ወደ ላይ ይወጣና ገላቸው ይጣበቃል፤ አጠገባቸው ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ያለበስሻቸው ጥቁር ወይም ቀይ ጨርቅ ካለ ውኃው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ያለበለዚያ ቀለሙ ገላቸው ውስጥ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ጉትቻቸውን ግን ዛሬ ማታ አውልቂ። የመጀመሪያዎቹ ባርቢዎች ጆሮ አረንጓዴ የሆነው በዚሁ ነው፤ ጉትቻው ውስጥ ያለው መዳብ ከፕላስቲኩ ጋር ይገናኝና ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሐብሉንም እንደዚያው። በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርገሽ ጎናቸው አኑሪላቸው፤ ፎቶ ስታነሻቸው ታደርጊላቸዋለሽ።